መብራት የጠፋ ሌሊትስ?

ባለፈው ሐምሌ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከነርስነት ሥራዬ በጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ግን እጄ ዛሬም ከስልኩ በፊት ጫማዬን ነው የሚፈልገው። የደወለችው ጎረቤላ፣ አንኮበር ከታላቅ እህቴ ጋር የምትኖረው የልጅ ልጇ ናት።

«እማማ፣ እቴቴ መተንፈስ አቅቷቸዋል። መጋደም አልቻሉም፤ ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያቃስቱት።»

እቴቴ እናቴም እህቴም ናት። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ሸጣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ልቧ ከደከመ ቆይቷል፤ እግሯ ያብጣል፣ ዳገት ያስተነፍሳታል። ልጅቷን «እንዳታስተኛት፤ ከኋላዋ ትራስ ደግፊላት፤ እግሯን ወደ ታች አድርጊው፤ ሐኪሟ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ያዘዘላትን ኪኒን ስጫት። እየመጣሁ ነው» አልኳትና ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

መኪናዬ ከልጆቼ ጋር ያደገች አሮጌ ኮሮላ ናት። ቁልፉን ባዞርኩት ጊዜ ሁለቴ አሳለችና ዝም አለች። በሦስተኛው ተነሣች፤ የቤንዚኑ ቀስት ግን ከቀይዋ መስመር በታች ነበር። ማደያው ጋ ሰልፉ ረዝሞብኝ፣ ነገ እሰለፋለሁ ስል ሁለት ቀን አሳልፌ ነበር። ጥፋቱ የእኔው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሌላው ሰው «ለክፉ ቀን ተዘጋጁ» ስል የኖርኩ ሴት፣ ለእህቴ ሌሊት ያስቀመጥኩት ባዶ ታንክ ነበር።

አጥር የምንዋሰናቸውን ጎረቤቴን በር ደበደብኩ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ፒክአፓቸውን አስነሡ። ጉሙ የመንገዱን ጠርዝ እንኳ አያሳይም ነበር፤ ሄደን እስክንመለስ ሁለታችንም ብዙ አልተነጋገርንም። ጎህ ሲቀድ እቴቴን ሆስፒታል አደረስናት፤ ኦክስጅን ተደረገላት፣ ውኃው ወጣላት፣ በአራተኛው ቀን በእግሯ ወጣች። ጋሼ የነዳጅ ዋጋ እንኳ አልቀበልም አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን መኪና የመለወጥ ወሬ ተጀመረ።

አዲስ አበባ የሚኖረው ልጄ መልሱ ዝግጁ ነበር፦ ኤሌክትሪክ መኪና። ነገሩን በቁጥር ነው ያስረዳኝ። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የቀሩት ነዳጅ ጠጪዎች በእርጅናቸው ላይ ዋጋቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ያቺ የምታስለዋ ኮሮላዬ እንኳ ዛሬ ብትሸጥ ከተገዛችበት ብዙ እጥፍ ታወጣለች። ቤንዚን ደግሞ በ2017 የገና ሰሞን በሊትር መቶ ብርን ተሻግሯል። «እማዬ፣ በጡረታ ገንዘብሽ ቤንዚን መግዛት እስከ መቼ ትችያለሽ?» አለኝ። ይኼኛው ጥያቄ መልስ የለውም።

«ምን ዓይነት ነው እንግዲህ የምትለኝ?» ብለው የቢዋይዲን ስሞች ዘረዘረልኝ፤ ሲጋል፣ ዶልፊን፣ ሌላም። እቴቴ ይህን በስልክ ስነግራት ደነገጠች። «ዶልፊን? በዚህ ዕድሜሽ ታክሲ ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው ዶልፊን ከሸኖና ከሰንዳፋ ሰው ጭኖ የሚበረውን ሚኒባስ ነው። ይኼ ሌላ ነው፣ ቤንዚን የማይጠጣ ነው ብላት ደግሞ «ምኒልክም ከዚህ አምባ የወጡት በበቅሎ ነው። በቅሎ መብራት አትጠብቅም» ብላ ዘጋችብኝ።

የእቴቴ ቀልድ ግን ከልጄ ቁጥር ይልቅ እንቅልፍ ነሳኝ። መብራት አትጠብቅም።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ይሁን እንጂ የብርሃን ደብር ነዋሪዎች ሻማና ኩራዝ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደማንኛውም ሰው እልል ብያለሁ፤ 5,150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ግድቡ ያመነጨው ኃይል እኔ ሶኬት ድረስ የሚደርሰው በምሰሶና በሽቦ፣ በትራንስፎርመር ነው። ዝናብና ነፋስ የሚጥለውም እሱኑ ነው። ቤታችን ሁለት መኪና ቢኖር አንዱን ኤሌክትሪክ ማድረግ ቀላል ውሳኔ ነበር። አንድ ብቻ ስትሆን ግን ጥያቄው ይከብዳል።

ኮሮላዋን የሚጠግንልኝን ልጅ አማከርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበና «ሲስተር፣ እሱ እኮ መኪና ሳይሆን ስልክ ነው። ሲበላሽ በመፍቻ አልከፍተውም» አለኝ። ስለ ራሱ እንጀራ የሚያስብ መስሎኝ ነበር፤ ሲያብራራልኝ ግን እውነት አለው። የቤንዚን ሞተር የለም፣ የሚቀየር የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፤ ስለዚህ የሚበላሸው ጥቂት ነው። ከተበላሸ ግን የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ይፈልጋል። ብዙዎቹ በግለሰብ አስመጪ ከቻይና የሚገቡ ናቸው፤ የስክሪናቸው ጽሑፍ ሳይቀር ቻይንኛ የሆነ አለ። የባትሪው ዋስትና እዚህ አገር ይሠራ እንደሆነ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መያዝ እንዳለበት የነገረኝ እሱ ነው።

ልቤ ለሁለት ተከፈለ። መንገዱን ያሳየኝ ግን ልጄም መካኒኩም አይደሉም፤ የድሮ ማቀዝቀዣ ነው።

በአገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። እኔ የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የወጣሁት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። መብራት የሚባል ነገር የለም። ክትባቱ የሚቀመጠው በላምባ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ለማያውቅ ሰው እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል ያሰኛል፤ ግን ያቀዘቅዝ ነበር። ክሩ በደንብ ተከርክሞ ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ሆኖ ካጨሰ ጭስ ማውጫው በጥላሸት ይደፈንና ማቀዝቀዙን ያቆማል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሙቀቱን አንብበን በሰንጠረዥ እንጽፋለን። እሑድም፣ ፋሲካም ቢሆን ይጻፋል።

የእኛ አገር ብርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ሰው ሁሉ ክትባት በሙቀት ይበላሻል ብሎ ይፈራል። የቴታነስ ክትባት ግን በረዶ ሲሆንም ይሞታል። ስለዚህ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ጠርሙሱን ነቅንቀን ዝቃጩ እንዴት እንደሚወርድ እናይ ነበር።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። ማቀዝቀዣው ከሥራ ውጪ የሆነ ቀን ምን እንደሚደረግ በተራ ቁጥር ተጽፎበታል። መጀመሪያ፣ በሩን አትክፈት። ቀጥሎ፣ ክትባቱን የበረዶ ከረጢት ወዳለበት ሣጥን አዛውር። ከዚያ፣ ሳይመሽ ማቀዝቀዣ ወዳለው ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ላክ። ማንም ሰው «ይህ ማቀዝቀዣ ይበላሻል ወይስ አይበላሽም?» ብሎ አይጨቃጨቅም ነበር። መበላሸቱ አይቀርም። ጥያቄው የተበላሸ ዕለት የማን በር ይንኳኳል የሚለው ነው።

ለመኪናውም እንዲሁ አደረግኩ። ደብተር ገዛሁና በሁለት አምድ ከፈልኩት። በቀኝ በኩል «በደህና ቀን»፣ በግራ በኩል «በክፉ ቀን» ብዬ ጻፍኩ።

የደህናውን ቀን ለመሙላት ሙከራ ያስፈልግ ነበር። በታኅሣሥ ልጄ የጓደኛውን ሲጋል ተውሶ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። ትልቁን ባትሪ የያዘው ነው፤ 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፎለታል፤ ትንሹ ባትሪ ያለው ደግሞ 305። ያ ቁጥር በለስላሳ መንገድና በተመቸ አየር የተለካ ስለሆነ ለእኛ ዳገት አይሠራም። ልጄ ከአዲስ አበባ ሞልቶ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትሩን ሲጨርስ 53 በመቶ ቀርቶት ነበር። መንገዱ በጠቅላላው ሽቅብ ነውና።

ማታ በቤቴ ሶኬት ሰካነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ተራ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲሰጥ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባዶ ባትሪ ለመሙላት 18 ሰዓት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ያን ሌሊት ውርጭ ስለነበር ደግሞ ከስሌቱም ዘገየ፤ ይህ ዓይነቱ ባትሪ በብርድ ቶሎ አይቀበልም። ጠዋት መስታወቱ ላይ ነጭ ውርጭ ነበር። መኪናው ግን ያለ ሳል ተነሣ። እንዲያውም መነሣቱን አላወቅኩም፤ ልጄ «ንጂ እንጂ እማዬ» እስኪለኝ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስነሣ 91 በመቶ ነበር። አንድ ነገር ወዲያው ገባኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወደ አንኮበር ስትወጣ ደግሞ መንገዱ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ልክ እንደ እቴቴ ዳገት ላይ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ኤሌክትሪኩ ሞተር አየር አይተነፍስም። ኮሮላዬ በሁለተኛ ማርሽ የምትለምነውን ዳገት ዝም ብሎ ወጣው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሣ ራሱ እየያዘ፣ የሚይዝበትን ኃይል መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል። ፍሬን ሳይሸት ጎረቤላ ገባሁ። 80 በመቶ። ስመለስ ዳገቱ በላበት፤ ቤቴ ስደርስ 61 ነበር።

ደርሶ መልሱ ከባትሪው 30 በመቶ፣ ማለትም 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ወሰደ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ቢሆንም ዋጋው ከአንድ ሊትር ቤንዚን በታች ነው። ኮሮላዬ ለዚሁ መንገድ ከስምንት ሊትር በላይ ትጠጣለች። የቀኙ አምድ ሞላ።

አንድ ነገር ግን ማለፍ የለብኝም። ይህ መኪና ድምፅ የለውም። ጎረቤላ ገበያ አጠገብ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ከፊት ለፊቴ ስትሄድ ከኋላዋ መኖሬን አላወቀችም። አህያዋም አላወቀችም። እኛ አገር ሰው መንገድ የሚያቋርጠው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። በአጥንት ስብራት ክፍል ብዙ ሌሊት ያደርኩ ሰው ነኝና ይህን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት።

አሁን ወደ ግራው አምድ።

እዚያ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት «ኅዳር 2014» ብዬ ነው። ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ከተማችን ከሰሜን በመጡ ተፈናቃዮች ተሞልታ ነበር። ያን ሰሞን ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ቤንዚን አለህ?» ነበር። ኮሮላዋ ሙሉ ታንክ ይዛ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ደግሞ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተጭኖባት፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ አደረች። አልሄድንም። ግን መሄድ እንደምንችል ስለማውቅ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ጀሪካን ከጎረቤት ይለመናል፣ ከመንገድ ይገዛል፣ በትከሻ ይመጣል። መብራት በጀሪካን አይመጣም። ከዚያም ወዲህ መንገድ የተዘጋበትንም፣ መብራት ቀናት የጠፋበትንም ጊዜ አይተናል።

ልጄ «ቤንዚንስ መቼ ተገኝቶ ያውቃል?» ይለኛል። ልክ ነው። በሐምሌው ሌሊት የከዳችኝ የቤንዚን መኪና ናት። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር የሌለው ማደያም አይቀዳም። ግን አንዱ ድካም ሌላውን አይሽረውም። አዲስ አበባ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ፈጣን መሙያ ጣቢያዎችን እዚያ መክፈት ጀምሯል። እኔ የማምነው ግን የራሴን ሶኬት ብቻ ነው። አምዱ ሥር «መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋና እቴቴ ቢያማት?» ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁት። ሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም።

የከፈተልኝ ጋሼ ናቸው። አንድ ማለዳ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ ፒክአፓቸው ቤንዚን ጨርሶ መቆሙን፣ ባለቤታቸው ደግሞ የስኳር ክትትል ቀጠሮ እንዳላቸው ነገሩኝ። ኮሮላዋ ያን ቀን ግማሽ ታንክ ነበራት፤ ወሰድኳቸው። ስንመለስ ስለ ደብተሩ አጫወትኳቸው። ሳቁና «ሲስተር፣ አንቺ የምትፈሪው ብቻሽን የምትኖሪ ይመስል ነው። ቤንዚን ሲጠፋ እኔ ባንቺ፣ መብራት ሲጠፋ አንቺ በኔ። ሁለታችንም ቤንዚን ከያዝን እኮ አብረን ነው የምንቆመው» አሉኝ።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል ስንሰማ ነው የኖርነው። እኔ ግን «አንድ መኪና» ብዬ ስቆጥር የቆጠርኩት የራሴን ግቢ ብቻ ነበር። የላምባው ማቀዝቀዣ በቆመ ቀን ክትባቱን ያዳነልን ሌላ ማቀዝቀዣ አልነበረም፤ በእግር ሁለት ሰዓት ርቀት ያለው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያለችው ነርስ በሯን እንደምትከፍትልን እናውቅ ነበር። እኛም ለእሷ እንደዚያው።

ስለዚህ ወሰንኩ። ኮሮላዋን ሸጥኩ፤ ቀሪውን ከቁጠባዬና ከልጆቼ አሟልቼ ትልቁን ባትሪ የያዘውን ገዛሁ። የገዛሁት ግን ለራሴ ሕግ አውጥቼ ነው። እንደ እኔ አንድ መኪና ብቻ ለሚኖረው ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከ60 በመቶ በታች ሆኖ አያድርም። የአንኮበር ደርሶ መልስ 30 ይፈልጋል፤ ሌላው 30 ለብርድ፣ ለጭቃና ለማላውቀው ነገር ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ይሰካል፤ «ነገ» የሚባል የለም። የሶኬቱ መስመር ከቤቱ መብራት ተለይቶ በራሱ ወፍራም ሽቦና በራሱ ብሬከር ከቆጣሪው ተስቧል፣ የመሬት ሽቦውም ተቀብሯል። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ስለሚስብ፣ ምጣድ የቻለ ሶኬት ሁሉ ይችለዋል ማለት አይደለም። የመካኒኩ ልጅ ጎማና ፍሬኑን ያይልኛል፤ ብርቱካናማውን ሽቦ እንዳይነካ ተስማምተናል፤ ለዚያ የሚጠራው ባለሙያ ስልክ ተጽፎ ተቀምጧል። በገበያ አጠገብ ስነዳ መስታወት ዝቅ፣ ፍጥነት የሰው እርምጃ። መጨረሻው ደግሞ ከጋሼ ጋር ያለን ውል ነው። የፒክአፑ ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ፣ የእኔ ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ጋ አለ። ፒክአፑ ውስጥ ሁልጊዜ ለአንኮበር ደርሶ መልስ የሚበቃ ቤንዚን ይኖራል፤ የዚያን ዋጋ ግማሽ እኔ እከፍላለሁ።

ሁሉም ጥያቄ አልተመለሰም። ባትሪው ከስምንት ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚቀረው በዚህ ብርድ ኖሬ ነው የማየው። እንደ ኅዳር 2014 ያለ ቀን ከመጣ ደግሞ ምንም ደብተር አይበቃም። ያ እንዳይመጣ መጸለይ ነው።

ባለፈው እሑድ እቴቴን ለቁጥጥር ላመጣት ሄድኩ። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ከዘራዋን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ ጠበቀች። ትንሽ እንደሄድን «ሞተሩን መቼ ነው የምታስነሺው?» አለችኝ። መንገድ ከጀመርን ቆየን እኮ አልኳት። በመስኮቱ አየችና ዝም አለች። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ «አያለከልክም» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «አዎ እቴቴ፣ አያለከልክም» አልኳት።

አሁን ማቀዝቀዣዬ በር ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ጠዋትና ማታ እጽፍበታለሁ፤ እሑድም ቢሆን። የትናንት ማታው 84 ይላል። መብራት አለ።